አዲስ ዶሮ ለአንድ ወር እንግዳ ናት

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱን መርጫለሁ። አንዱ ከዚሁ ከጠባሴ የመጣ ነው፤ ስለ ዶሮ ነው። ሌላው ከደብረ ሲና ነው። ስለ ምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ። እኔ እንኳ ሳነበው ሲኒውን አስቀምጬ ነው የሳቅሁት።

ጥያቄ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ጠባሴ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። አንዱ መኝታ ነው፣ አንዱ ሳሎንም ኩሽናም ነው። ደጃችን ላይ ሦስት በአራት ሜትር የምትሆን ግቢ አለች፤ እሷንም ከአከራያችን ጋር ነው የምንጋራት። አራት ዶሮዎች አሉኝ። ማታ የሚያድሩት ግድግዳው ጥግ ባለቤቴ በሠራላቸው የጣውላ ቤት ነው። አንዷ ገብስማ ናት። ልጆቹ በጣም አለመዷት፣ ቀን ቀን ሶፋ ላይ ወጥታ ትተኛለች። አሁን ለእንቁላል አምስት ቄብ ልጨምር ነው። ጎረቤቴ ‹ለብቻ አቆዪያቸው› አለችኝ። አማቴ ደግሞ ‹ሦስት ቀን እግራቸውን አስረሽ አሰንብቻቸው፣ ቤት ሲለምዱ ትለቂያቸዋለሽ› ይላሉ። እሳቸው እዚሁ ቅርብ ነው ቤታቸው፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ዶሮ የላቸውም። እኔ ግን ግራ ገባኝ። ለብቻ የት ላድርጋቸው? ቤቴ እንኳን ለዶሮ ለእኛም አልበቃን። ስንት ቀንስ ነው? ለጥንቃቄ ብዬ ኦክሲ የሚሉትን መድኃኒት ውሃቸው ውስጥ ባደርግላቸው አይበቃም?»

መልስ

እህቴ፣ ከአማትሽ ልጀምር። ያሉት ግማሹ ልክ ነው። አዲስ ዶሮ ታስራ ስትሰነብት ቤቷን ትለምዳለች፣ ማታ የምትገባበትን ታውቃለች፣ ጎረቤት ግቢ ገብታ አትቀርም። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር። ከአሮጌ ነጠላ ቀዳ ከአልጋው እግር ጋር ታስራት ነበር። ግን ሦስት ቀን የሚበቃው ቤት ለመልመድ ነው። በሽታን ለመለየት አይበቃም። ፈንግል ዶሮ ውስጥ ከገባ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ነው። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ይቆያል። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለፈንግል የሚቆጥረው እስከ 21 ቀን ነው። እና በሦስተኛው ቀን ገመዱን ስትፈቺ ገና ምንም አላየሽም።

እኔ የምልሽ 30 ቀን ነው።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. እኔው ራሴ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ተብዬ፣ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ከደብረ ሲና ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ቆመ። አንድ ልጅ ሦስት ቄብ እግራቸውን አስሮ፣ ቁልቁል ዘቅዝቆ ይዞ መጣ። አንዷ ቀይ፣ አንዷ ወሰራ፣ አንዷ ጥቁር። ዓይናቸው ጥርት ያለ ነው። ላባቸው ያብለጨልጫል። ዋጋውም ተመቸኝ፣ ገዛኋቸው። ቤት ስደርስ መሽቷል፣ እንግዳም ጠብቆኛል። «ለዛሬ ብቻ» ብዬ ከአሥራ አንዱ ዶሮዎቼ ጋር ቆጡ ላይ አወጣኋቸው።

በስድስተኛው ቀን ወሰራዋ ጥግ ይዛ ክንፏን ጣለች። በማግስቱ ኩሷ እንደ ጎመን ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ከራሴ ዶሮዎች አንዷን አንገቷ ተጠማዝዞ ሰማይ ሰማይ ስታይ አገኘኋት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአሥራ አራቱ የቀሩኝ ሁለት ነበሩ። ይባስ ብሎ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ጫማዬ፣ እህቴ ቤት ሄጄ ጓሮዋን ረግጫለሁ። የእሷም አለቁ። እስከ ዛሬ ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች።

ቄቦቹን ስገዛቸው ጤነኛ ነበሩ እኮ። አንቺም ገበያ ላይ ዓይኗን አይተሽ፣ ደረቷን ዳብሰሽ ትገዣለሽ፤ ደግ ነው፣ አድርጊው። ግን የዛሬ መልኳ የሚነግርሽ የዛሬን ብቻ ነው። የተከተበች ዶሮ እንኳ ፈንግሉ ሳይጥላት በኩሷና በትንፋሿ ልታወጣው ትችላለች። ማይኮፕላዝማ የሚባለው የመተንፈሻ በሽታ ደግሞ አለ። የያዛት ዶሮ ድና፣ እንቁላል እየጣለች፣ እስከ መጨረሻዋ ልትሸከመው ትችላለች። ነገሩ በሌላ በኩልም ነው። የአንቺ ነባሮች ከግቢሽ አፈር ጋር ተላምደዋል፤ አዲሶቹ ቄቦች ግን አያውቁትም። በደም ተቅማጥ የሚገድለው ኮክሲዲዮሲስ ከነባሮቹ ኩስ ወደ አዲሶቹ ሊሄድ ይችላል። መለየቱ ለሁለቱም ወገን ነው።

አሁን «የት?» ወዳልሽው።

አማትሽ ቤት። በቃ። ዶሮ የሌለበት ቤት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው፤ አንቺ ደግሞ በእግር መንገድ ርቀት አለሽ። እሳቸው ሦስት ቀን ያሉትን በጨዋ አነጋገር ወደ ሠላሳ አስረዝሚው። እንቁላሉ የእርስዎ ነው በያቸው፤ ቄብ በዚያ ወር መጣል ከጀመረች ማለቴ ነው። ጥሬውን ግን ከቤትሽ ስትወስጂ የነባሮቹን መኖ መስፈሪያ ይዘሽ እንዳትሄጂ። ከዚያ ስትመለሺም በቀጥታ ወደ ጣውላው ቤት አትሂጂ።

አማትሽ እምቢ ካሉ ግቢሽ ውስጥ እናደርገዋለን። መጽሐፍ ላይ «ቢያንስ አሥር ሜትር አርቁ» ይባላል። አሥር ሜትር ብትሄጂ አከራይሽ ሳሎን ትገቢያለሽ። ስለዚህ በርቀት ያጣሽውን በጥንቃቄ ነው የምታካክሺው።

የጣውላው ቤት ካለበት ጥግ ትይዩ ያለውን ጥግ ያዢ። መሬቱ ዘንበል ያለ ከሆነ አዲሶቹ ከታች ይሁኑ። ዝናብ ሲዘንብ የእነሱ እጣቢ ወደ ነባሮቹ እንዳይወርድ ነው። አምስት ቄብ ለአንድ ወር ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይፈልጋል። የቲማቲም ሳጥኖችን ጎን ለጎን አድርጎ መሐላቸውን በመክፈት መሥራት ይቻላል። ከላይ ቆርቆሮ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ማዳበሪያ ጨርቅ። ፊት ለፊቱ ክፍት ይሁን፣ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ምን እንደሚመስል አልነግርሽም። ግን ለአቅመ እንቁላል የቀረበች ቄብ ብርዱን በላባዋ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትና ከታች የሚገባ ነፋስ ነው። ጉዝጓዙ ደረቅ፣ ከጀርባዋ ነፋስ የለም፣ ከአናቷ ዝናብ የለም። ይኸው ይበቃታል።

ይህን ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በብርድ ወር «አሳዘኑኝ» ብሎ ዶሮዎቹን ወደ ቤት አስገብቶ፣ በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ አለ። እባክሽ እንዳታደርጊው። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛም ጋዝ ዶሮውንም ሰውንም በአንድ ሌሊት ይወስዳል። ሽታም የለውም፣ አያስነሳሽም።

ሳሎኑ ውስጥም አታስቀምጫቸው። ሳሎንሽ ኩሽናሽ ነው። የአዲስ ዶሮ ኩስ ደርቆ አቧራ ይሆናል፣ እንጀራው ላይ ያርፋል። በኩሱ የሚመጣው ሳልሞኔላ የሚባል የተቅማጥ ባክቴሪያ ትንንሽ ልጆች ላይ ይበረታል። ገብስማዋም ለዚህ ወር ከሶፋው ትውረድ። ልጆችሽ እሷንም ያቅፋሉ፣ አዲሶቹንም ሊያዩ ይሮጣሉ፤ የልጅ እጅ ደግሞ የሚያርፍበት አይታወቅም። ልጆቹ ከነባሮቹ ጋር ብቻ ይሁኑ፣ አዲሶቹን ካንቺ በቀር ማንም አይንካ። እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ።

ከሳጥኑ ይልቅ ዋናው የእጅና የእግርሽ ቅደም ተከተል ነው። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን ታያለሽ። ውሃቸውን፣ መኖአቸውን፣ እንቁላላቸውን ጨርሰሽ ትወጫለሽ። ከዚያ ወደ አዲሶቹ። ከአዲሶቹ ወደ ነባሮቹ መመለስ የለም። «ጥሬ ረሳሁ» ካልሽ እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ ጫማሽን ቀይረሽ ነው። አዲሶቹ ሳጥን አጠገብ አንድ ርካሽ ፕላስቲክ ጫማ አስቀምጪ። ምስማር ላይ የባለቤትሽን አሮጌ ሸሚዝ ስቀዪ። እዚያ ስትደርሺ ትለብሻለሽ፣ ስትወጪ ታወልቂያለሽ። ከዚያች ጥግ አይወጡም። ውሃ መጠጫው ከጀሪካን የተቆረጠ ይሁን፣ ለእነሱ ብቻ። መጥረጊያውም እንዲሁ።

በበር ላይ ገረወይና አስቀምጠው በረኪና ውሃ የሚረግጡ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ ብዙም አላምነውም። ጭቃና ኩስ ሲገባበት በረኪናው ኃይሉን ያጣል፣ ሰውየው ግን ተጠንቅቄያለሁ ብሎ ይገባል። ጫማ መቀየር ይሻላል። በረኪናን ለዕቃ ተጠቀሚበት። መጀመሪያ በሳሙና ፈትገሽ እጠቢ፣ ከዚያ አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ በጥብጠሽ ቀቢው፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አለቅልቂው። ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪው።

አከራይሽስ? ንገሪያቸው። እሳቸው ዶሮ ባይኖራቸውም ግቢውን ይረግጡታል። ለበዓል ዶሮ ገዝተው እዚያው ካሰሩ ደግሞ የአንቺ 30 ቀን ውሃ በላው።

በየቀኑ ምን ታያለሽ? መጀመሪያ ኩሱን። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ሳይሆን ካርቶን ወይም ጋዜጣ እንዲሆን የምመክረው። ሰጋቱራ ሁሉንም ይደብቃል። የጤነኛ ዶሮ ኩስ ቡናማ ሆኖ አናቱ ላይ ነጭ ቆብ አለው። በቀን ጥቂት ጊዜ ደግሞ እንደ ቀለጠ ቸኮሌት የሚያጣብቅ፣ የሚሸት ነገር ትጥላለች። እሱን አይተሽ እንዳትደነግጪ፣ ተፈጥሮዋ ነው። የሚያሳስበው አረንጓዴ ውሃ፣ ደም፣ ወይም መቀመጫዋ ላይ የደረቀ ነጭ ነው።

ማታ ደግሞ አንድ ሥራ አለሽ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መንገዱም ጭር ሲል፣ ሳጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብለሽ ጆሮሽን አቅርቢ። መብራት አታብሪ። ቀን ሲጫጩ የማይሰማው ማታ ይሰማል። የተኛች ጤነኛ ዶሮ ትንፋሿ አይሰማም። ሲር ሲር የሚል፣ የሚንኮራኮር፣ ወይም እንደ ማስነጠስ ያለ ከሰማሽ ጠዋት የትኛዋ እንደሆነች ለዪ። እኔ ይህቺን የማታ ማዳመጥ ከምንም በላይ አምናታለሁ።

በሳምንት አንዴ አንሻቸው። የስልክሽን መብራት አብርተሽ ከክንፏ ሥርና ከመቀመጫዋ ዙሪያ ላባውን ግለጪ። ላባው ሥር ላይ የተጣበቀ ነጭ ጓል ካለ የቅማል እንቁላል ነው። ሌላም አለ፤ ዶሮዋ ላይ የማታገኛት፣ ቀን ቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቃ ማታ ወጥታ ደም የምትመጥ ትንሽ ቀይ ነፍሳት። እሷን ለመያዝ ማታ በነጭ ሶፍት የቆጡን ሆድ እበሺው። ቀይ ከነካው አለች። ይቺ አንዴ የጣውላ ቤትሽ ውስጥ ከገባች ዶሮ ሳታገኝ ወራት ትቆያለች፣ ለማጥፋት ጣውላውን ማቃጠል የሚያምርሽ ጊዜ ይመጣል። ለአዲሶቹ በገረወይና ደረቅ አፈርና የተነፋ አመድ አድርጊላቸው፣ ይንከባለሉበታል።

ኦክሲውን ተዪው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ ላይ ነው የሚሠራው፤ ፈንግል ደግሞ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም። ባክቴሪያም ካለ በግማሽ መጠን ሰጥተሽ ምልክቱን ትሸፍኚዋለሽ፣ 30 ቀኑ ካለፈ በኋላ ነባሮቹ ጋር ይፈነዳል። እንቁላሉም መድኃኒት አለበት፣ ለልጆችሽ አትሰጪውም። የለየሽው ልታያቸው ነው። መድኃኒት ስትሰጪ ዓይንሽን ትጋርጂዋለሽ።

የሚረዳሽ ክትባት ነው፤ እሱም አዲሶቹን ሳትገዢ ለነባሮቹ። ቄቦቹ ከመምጣታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ አራቱን አስከትቢ። ለትልልቆቹ በውሃ የሚሰጠው ላሶታ የሚባለው ነው። ብልቃጡ የሚመጣው ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ለአራት ዶሮ ብቻ መክፈት ያሳዝናል። ጎረቤቶችሽን አስተባብሪ፣ በአንድ ጠዋት ተካፈሉት። በረዶ ባለው ፔርሙዝ ይዘሽ ነይ። የቧንቧ ውሃ በቀጥታ አትጠቀሚ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። አፍልተሽ አቀዝቅዢው፣ ትንሽ የዱቄት ወተት ጣል አድርጊበት። ዶሮዎቹ አንድ ሁለት ሰዓት ውሃ ሳይጠጡ ይቆዩ። ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት። አዲሶቹም አርፈው፣ ጤነኛ መሆናቸውን ካየሽ በኋላ እዚያው ሳጥናቸው ውስጥ ይከተቡ። ከክትባት በኋላ ጥቂት ቀን ሊያነጥሱ ይችላሉ። ቀኑን ጽፈሽ ካልያዝሽ ያንን ከበሽታ ጋር ታምታቺዋለሽ።

አንዷ ብትታመም ቶሎ ቀበሌሽ ላለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሪ። ብትሞት ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረሽ ቅበሪያት። ወንዝ መወርወር የለም፣ ለውሻ መስጠት የለም። «ሳትሞት ልሽጣት» የሚለው ሐሳብ ደግሞ ለሁላችንም ይመጣል። እኔን ጣርማ በር ላይ ያገኘኝ ያ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዷ ከሞተች 30 ቀኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደገና ይቆጠራል።

ሠላሳው ቀን በሰላም ካለፈ፣ ከነባሮቹ አንዷን ብቻ ወስደሽ ከአዲሶቹ ጋር አንድ ሳምንት አኑሪ። ገብስማዋን አይደለም። እሷ ደህና ከሆነች ለሁሉም ክፈቺ። መጀመሪያ በሽቦ እየተያዩ ጥቂት ቀን ቢቆዩ ድብድቡ ይቀንሳል። ይደባደባሉ ግን። ማን ቀድሞ እንደሚበላ እስኪስማሙ ድረስ ነው፣ ደም ካልፈሰሰ ጣልቃ አትግቢ። መኖውን ሁለት ቦታ አድርጊላቸው።

ጥያቄ

«ለአዘጋጇ፤ ልጄ፣ እንደምን አለሽ። እኔ የ67 ዓመት ሴት ነኝ፣ ደብረ ሲና ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው ያለው። አንዲት ክፍል ቤት አለችው። በሚመጣው ወር ልጠይቀው ልሄድ ነው፣ ቪዛውም ወጥቷል። ታዲያ ሰሞኑን በስልክ ቪዲዮ ሲያሳየኝ ምን ባይ ጥሩ ነው፣ እባብ! ድሮም አንድ ነበረችው ለካ፣ ደብቆኝ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ሰው አልፈልገውም ብሎ የተወውን እባብ ተቀብሏል። ‹አክስቴ አትፍሪ፣ አዲሱ ኳራንቲን ነው፣ መታጠቢያ ቤት ነው ያለው› ይለኛል። ኳራንቲን እኛ የምናውቀው በኮሮና ጊዜ ነው። እውነት እባብ ኳራንቲን ይገባል? ወይስ አሮጊት ናት ብሎ እየቀለደብኝ ነው? እኔስ እዚያ ቤት ልደር?»

መልስ

እማማ፣ አልቀለደብዎትም። እንዲያውም ልጁ ከብዙ ዶሮ አርቢዎቼ ይበልጣል።

ስሙን «ቦል ፓይተን» ብሎ ከሆነ የነገረዎት፣ ትንሽ ዘንዶ ናት። አገሯ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። መርዝ የላትም። ብዙ ጊዜ ርዝመቷ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ነው። ስትፈራ እንደ ኳስ ትጠቀለላለች፣ ስሟም ከዚያ የመጣ ነው። እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል እንዲሉ፣ ይህን ሁሉ ነግሬዎትም አይረጋጉ ይሆናል። አልፈርድብዎትም፣ እኔም እጄን አልዘረጋላትም።

ለዶሮ 30 ቀን ብያለሁ። ለእባብ ጠንቃቆቹ ከ60 እስከ 90 ቀን ነው የሚለዩት። የሚረዝመው እባብ ዝግ ያለ ፍጥረት ስለሆነ ነው። ዶሮ በየሰዓቱ ኩሷን ታሳይዎታለች። እባብ ግን የምትበላው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ ነው፣ የምትጸዳዳውም በዚያው ልክ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚታይ ነገር የሚገኘው። ኩሷን ያገኙ ቀን ሐኪም ዘንድ ወስደው ያስመረምሩታል።

ቪዲዮውን ሌላ ጊዜ ሲያሳይዎት ሣጥኑ ውስጥ ምን እንደተነጠፈ ይዩለት። ነጭ ሶፍት ወይም ወረቀት ከሆነ ያውቅበታል ማለት ነው። የእባብ ተባይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነው የምትመስለው። ከዓይኗ ዙሪያና ከአገጯ ሥር ከቅርፊቱ መሐል ትሸጎጣለች፣ የውሃ ሣህኑ ውስጥ ሰጥማ ትገኛለች። ነጭ ላይ ትታያለች፣ አፈርና እንጨት ላይ አትታይም። በእግሯም ስለምትሄድ ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ትሻገራለች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ለዚህ ይረዳዋል። ግን እሱም እርስዎም የምትታጠቡበት ነው። ሣጥኑ በደንብ የሚዘጋ ከሆነ የክፍሉ ሌላ ጥግ ይሻል ነበር፤ የድሮዋ ካለችበት ራቅ አድርጎ። ቅደም ተከተሉ እላይ ለጠባሴዋ እህታችን እንዳልኩት ነው። መጀመሪያ የድሮዋ፣ መጨረሻ አዲሷ፣ ከዚያ እጅ በሳሙና።

«አልበላ አለችኝ» ብሎ ቢጨነቅብዎት ያጽናኑት። የዚህ ዓይነቷ ቤት ስትቀይር ሳምንታት ልትጾም ትችላለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ባይነካካት ይሻላል። በየሳምንቱ ግን ይመዝናት። ጾማ ክብደቷ ካልወረደ አመሏ ነው። እየቀለለች ከሄደች፣ ወይም አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ አፏ ላይ አረፋ ከታየ፣ ያኔ ሐኪም ዘንድ ነው።

ለእርስዎ የምለው ሌላ ነው። እባብ ጤነኛ ሆናም ሳልሞኔላ ትሸከማለች። ከ65 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ባይነካት ይመከራል፤ እርስዎ መቼም «ልንካት» አይሉም፣ እሱ ግን «አንዴ ያዣት፣ ለፎቶ» ማለቱ አይቀርም። እምቢ ይበሉ። የእሷን ውሃ ሣህን የወጥ ዕቃ በሚታጠብበት እንዳያጥብ ከመጀመሪያው ቀን ይንገሩት። እርስዎ እዚያ እስካሉ አዲሷን ከመታጠቢያ ቤት ያውጣልዎ፣ ባዶ ገንዳውንም ሆነ ወለሉን በማጽጃ ይጠብልዎ። ከዚያ ይደሩ። ሣጥኑ መቆለፊያ እንዳለው አይተው ይተኙ።

እግረ መንገዴን ለሌሎች አንባቢዎች፤ ይህን አይታችሁ ከሸዋ ሮቢት ቆላ እባብ ይዘን እንምጣ እንዳትሉ። እዚህ አገር የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ ማኖር ሕግ ይከለክላል። የእኛ ቆላ ደግሞ መርዛሙ ብዙ ነው።

እማማ፣ ሻንጣዎን ሲያዘጋጁ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን ይያዙለት። ቅቤና ቋንጣ ግን ይቅሩ። አውሮፓ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት ነክ ነገር አያስገባም፣ አየር ማረፊያ ላይ ይቀሙዎታል። የእንስሳት በሽታ ፈርተው ነው፤ እሱም ያው ኳራንቲን ነው። በርበሬውን ደግሞ ማቀዝቀዣው ውስጥ ልክተት ብለው በሩን ራስዎ አይክፈቱ። እባብ አርቢዎች ምግቧን በረዶ የሆነ አይጥ ገዝተው ነው የሚያስቀምጡት። የትኛው መሳቢያ የማን እንደሆነ መጀመሪያ ልጁን ይጠይቁት።